በሰም የተያዘ ትራምፔት

ሰኔ 23 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

በላይነህ ዛሬ ሱቄ ገባ።

ሌላ ጊዜ በደጄ ሲያልፍ አንገቴን ደፍቼ የያዝኩትን ማንቆርቆሪያ እበይዳለሁ፤ እሱም ወደ ማዶ እያየ ያልፋል። እንዲህ እየተላለፍን ስድስት ክረምት ኖረናል። ዛሬ ግን ጎንበስ ብሎ ገባና በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

«ጓድ ውባንተ፣ መቼም ይኼን ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም» አለኝ።

ገለጥኩት። ትራምፔት ነው። ጎንደር ከልዋጭ ነጋዴ የተገኘ፣ የተጨፈላለቀ አሮጌ ትራምፔት። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የቀበሌው ኪነት ቡድን እንዲነፋው ይፈልጋል። ክራርና ከበሮ አላቸው፤ ሌላው ቀበሌ የሌለው ነገር ግን እንዲኖረው አምሮታል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ነዋ። «መስከረም ሁለት የአውራጃው አስተዳዳሪ ራሳቸው ይገኛሉ። እንደ አዲስ አድርገህ ታወጣዋለህ» አለ።

ጆንያውን መልሼ ጠቀለልኩበት። እሱ ፊት አፌን መክፈት አልወድም።

«እንግዲህ አደራ» ብሎ ወጣ። አደራ! ይኼ ሰው እኔን!

ሰኔ 24

እዚህ ደብተር ላይ እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም። ይጻፍ።

በ1970 አዲስ አበባ በፖሊስ ማርሽ ባንድ ትራምፔት ነፊ ነበርኩ። ለአባቴ ተዝካር ፈቃድ ጠይቄ ወደዚህ መጣሁ። በላይነህ ያን ጊዜ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ነው። ከዳሱ አስወጥተው ወሰዱኝ። ከእኔ ጋር ሌሎች ሁለት ነበሩ። «ከአዲስ አበባ ምን ይዘህ መጣህ? የማን ጥሩምባ ነህ አንተ?» አለኝ። «የመንግሥት» አልኩት። እውነቴን ነበር። የቀለድኩበት መሰለው። በጠመንጃው ሰደፍ አፌን አለኝ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ እዚያው ወለሉ ላይ ቀሩ። ከንፈሬ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ላላወቀው ትራምፔት በሳንባ የሚነፋ ይመስለዋል። ከንፈር ጥርስ ላይ ካልተደገፈ ምንም ድምፅ የለም። ባንዱ አሰናበተኝ። ይኸው ማንቆርቆሪያ በያጅ ሆንኩ።

ሰኔ 28

መረመርኩት። በጣት የሚጫኑት ፒስተኖች ሦስቱም ደርቀው ተጣብቀዋል። ሰፊው አፉ በአንድ ወገን ተጨፍልቋል። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወትፌ፣ ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ በቢስክሌት ፓምፕ አየር ሰጠሁት፤ ጎሚስታ የጎማ ከመነዳሪ የት እንደተበሳ እንደሚያየው ማለት ነው። አረፋ ከሁለት ቦታ ተነሣ። አንዱ ምራቅ የሚፈስበት ቀዳዳ ክዳን ነው፤ ቀላል። ሁለተኛው ግን የሚነፋበት ቧንቧ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ ነው፤ ብየዳው ለቋል።

ይድናል። ማወቄ አናደደኝ። የማይድን ቢሆን መልሼ ጆንያው ውስጥ እከተው ነበር።

ሐምሌ 3

ፒስተኖቹን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፌአለሁ። አንዱ ወጣ። ሁለቱ እምቢ። ዝናብ። ጣሪያው በድስቱ ላይ ያፈሳል። ሚስቴ ጌጤ ተቆጣች።

ሐምሌ 5

ሁለተኛውም ወጣ። ሦስተኛውን በግድ ማለት አያዋጣም፤ ይታገሡታል።

ሐምሌ 8

ጌጤ በአጥር ላይ ለጎረቤታችን ስትነግራት ሰማሁ፤ «ያ ዕቃ ከመጣ ወዲህ ሰውዬው ሲሠራ ያንጎራጉራል» ትላለች። ሚስቴ ናትና ታውቀኛለች ብዬ ነበር። አላንጎራጉርም።

ሦስተኛው ዛሬ ወጣ። በስፌት መኪና ዘይት ቀባሁት። ጣቴን ሳሳርፍበት ወርዶ ብቻውን ተመለሰ። ልስልስ ያለ ነው። ጥሩ እጅ የሠራው ነው። የበላይነህ መሆኑ ነው እንጂ።

ሐምሌ 11

መላው መጣልኝ! እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም?

ያን መጋጠሚያ በቆርቆሮ አልበይደውም። ሰምና ሙጫ አቅልጬ አጣብቀዋለሁ፤ ከላይ የናስ ብናኝ አለብሰዋለሁ። ለሚያየው ብየዳ ነው። በክረምቱ ብርድ ሲለማመዱበት ይይዛል። መስከረም ሁለት ግን ፀሐይ ላይ ብዙ ቆሞ፣ የሰው ትንፋሽ ሲያሞቀው ይለቃል። በማርሹ መሐል፣ በአስተዳዳሪው ፊት፣ እንደ ታመመ በግ ይጮኻል። በአብዮት በዓል ላይ! «አሻጥር ነው» ይባላል። ማን አመጣው? በላይነህ። ማን ተቀበለው? በላይነህ። እኔማ ነፍቼ ልሞክረው እንደማልችል አገር ያውቃል።

እሱ ሰው በሚጠይቅበት ክፍል ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ እሱን ሲጠይቀው ይታየኛል። ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ሐምሌ 15

ሠራሁት። ሲያዩት ያምራል።

ሐምሌ 19

በላይነህ ተመልሶ መጣ፤ ሴት ልጁን ይዞ። ነፊ ሊሆን የነበረው ጎረምሳ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። «ዓለሚቱ ትነፋለች። አስተምራት» አለኝ። ዘንድሮ አሥራ አንደኛን የጨረሰች ናት። እናቷ ሞታ እሱ ነው ያሳደጋት።

«ሴት ልጅ ትራምፔት?» አልኩ።

«እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። አስጨነቀችኝ እኮ! ጆንያው ውስጥ እያለ ጀምራ ነው ስትነካካው የነበረችው» አለ፤ ሳቀም። እንዲህ መሳቅ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ልጅቱን ሲያይ ፊቱ ሌላ ነው።

ስለዚህ ሰሙ ሲለቅ ትራምፔቱ እሷ አፍ ላይ ነው የሚሆነው። የማንም አፍ ቢሆን እኔ ምን አገባኝ? የእሱ ልጅ ከሆነችማ ይብስ ይጥማል።

ሐምሌ 24

ከተማ ውስጥ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ይወጣል፤ ለቀብር የተጠራ ይመስለዋል። ስለዚህ ጋፋት ወርደን ሜዳው ላይ ተለማመድን። እኔ በቃል እነግራታለሁ፤ እሷ ትሞክራለች። ትንፋሹ እንደ ወናፍ ብቻ ይወጣል።

«ጋሼ ውባንተ፣ አንቱ አንድ ጊዜ ቢነፉልኝ ይገባኝ ነበር» አለች።

«አልነፋም።»

«ለምን?»

«ጥርስ የለኝም። አታይም?»

ደነገጠች። «ምን አግኝቶዎት ነው?»

«ተመትቼ።» ሌላ አልጠየቀችም። እኔም አልነገርኳት።

ነሐሴ 2

ድምፅ ወጣላት። አንድ ብቻ፣ ረጅም፣ ንጹሕ። ደንግጣ ከአፏ ነቀለችው። «እሱ ነው! እሱን እንደገና!» ብዬ ጮኼ ኖሯል። ወዲያው ዝም አልኩ።

ከእብናት በኩል የመጡ ሰዎች መንገዱ ዳር ተቀምጠው ነበር። ዘንድሮ በዝተዋል፤ ቆላው ዝናብ ነሥቶታል። አንዲት አሮጊት ወደ እኛ ቀረቡና፣ «ማን ሞቶ ነው ልጆቼ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም እማማ፤ ለበዓል ነው» አለቻቸው ዓለሚቱ።

«የምን በዓል?» አሉ። ዓለሚቱ የያዘችውን ስንቅ ሰጠቻቸው።

ነሐሴ 6

ቆሎ ለእኔ እንደማይሆን አይታ የተልባ ፍትፍት ቋጥራ መጣች። ጾም ስለሆነ ነው። ለመብላት አልፈለግኩም ነበር። በላሁ። ከበላይነህ ጓዳ የወጣ እህል።

ነሐሴ 10

ሰሙን አየሁት። ይዟል። ደመናው አልተነሣምና። ቶሎ ትለምዳለች፤ እኔ ባንድ ስገባ ከነበረኝ ጆሮ የእሷ ይበልጣል። ማርሹን ግማሽ ድረስ ይዛዋለች። የምትደናቀፍበት ቦታ ላይ አብሬ እንደምተነፍስ ዛሬ ነቃሁ። ይኼ ልማድ ነው፤ ሌላ ነገር አይደለም።

ነሐሴ 14

ትናንት ቡሄ ነበር። ዛሬ ስንገናኝ ትራምፔቱን አፏ ጋ አድርሳው ነበር፤ መልሳ አወረደችውና ቀጥ ብላ ጠየቀችኝ።

«ማን ነው የመታዎት?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«እንዲህ የሚያውቁትን ነገር ዳግም እንዳይነኩት ያደረገ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ነገርኳት። ቀበሌውን፣ ሰደፉን፣ ስሙን። «አባትሽ በላይነህ» አልኩ፤ ሁለቱንም ቃል ረጋ ብዬ።

ፊቷ ሲለዋወጥ ቆሜ አየሁ። ካልዋሸሁ፣ ጣፈጠኝ። ትራምፔቱን ጨርቁ ውስጥ አድርጋ ወደ ከተማ ወጣች። እኔ ጋፋት ሜዳ ላይ ብቻዬን ቀረሁ፤ ጥሩ ቀን ነበር።

ነሐሴ 16

አልመጣችም።

ነሐሴ 18

አልመጣችም። ጋፋት ደርሼ ተመለስኩ። እግሬን ላፍታታ ነው።

ነሐሴ 20

ጌጤ «ልጅቱ ታመመች እንዴ?» አለች። «እኔ ምን አውቄ» አልኳት። ሦስት ማንቆርቆሪያ ከነቀዳዳቸው ተደርድረዋል። እጄ ሥራ አልያዘልኝም።

ነሐሴ 23

መጣች። ዓይኗ አብጧል። ሱቁ በር ላይ ቆመች፤ አልገባችም።

«ጠየቅሁት» አለች። «አልካደም። ግን የዚያን ዕለት የታዘዘው ከመምታት የከፋ ነበር ይላል። ደምዎ ሲፈስ ‹ይኼ ጤና ጣቢያ ይሂድ› ብዬ ከሌሎቹ ለይቼ አስወጣሁት ይላል። መትቼ ነው ያተረፍኩት ይላል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ጋሼ ውባንተ፣ እውነት ነው?»

«ውሸቱን ነው» አልኳት።

ቶሎ ነው ያልኩት። ራሷን ነቀነቀችና፣ «እንግዲያው እንለማመድ» አለች። ሄድን። ከዛሬ በፊት እንዲህ ነፍታ አታውቅም።

አሁን ጌጤ ተኝታለች፤ እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ከእኔ ጋር የታሰሩት ሁለቱ አልተመለሱም። ጤና ጣቢያ በቃሬዛ ሲወስዱኝ፣ በላይነህ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ «ፍጠኑ፣ ፍጠኑ» ሲል ሰምቻለሁ። እስከ ዛሬ እንዲፈጥኑ የፈለገው ደሜ ወለሉን እንዳያበላሽበት ነው ብዬ ነበር የማስበው። አሁንም እንደዚያው ነው የማስበው። የመታ እጅ፣ የመታ እጅ ነው። ያን ቀን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ቢመታኝ፣ አገጬን ቢመታኝ፣ ዛሬም እነፋ ነበር። ይኼን ማን ያወራርድልኛል? ለልጅቱ ያን ሁሉ የመናገር ግዴታ የለብኝም። የጠየቀችኝን መለስኩላት። በቃ።

ጳጉሜን 2

ትራምፔቱን ለመጨረሻ ፍተሻ ብዬ ተቀበልኳት። ሰሙን አቅልጬ አወጣሁት። መጋጠሚያውን ሞርጄ በቆርቆሮ በየድኩት፣ በደንብ። ውኃ ውስጥ ነክሬ ፓምፑን ሰጠሁት፤ አንድም አረፋ የለም።

ለእሷ ብዬ አይደለም። ሳስበው ምርመራው ከእኔ ይጀምር ነበር፤ በያጁ ማን ነው ይባላል። በላይነህን የምይዝበት ሌላ መንገድ አይጠፋም።

ጳጉሜን 4

በሎሚና በአመድ ወለወልኩት። የሱቁ በር፣ መንገዱ፣ የእኔም ፊት በላዩ ታየ። የእኔን ፊት ሳይ አፌን ገጠምኩ።

መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ሆነ። ነገ እጽፋለሁ።

መስከረም 3

ሜዳው በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጨርቅ ተሞልቷል። የዕለቱ ፀሐይ ብርቱ ነበር፤ ሰሙ ቢሆን ገና መድረኩ ላይ ሳይወጣ ይፈርስ ነበር። ኪነቶቹ ከመድረኩ ኋላ ተሰልፈው ሳሉ አስተዳዳሪው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሊጎበኙ መጡ። በላይነህ ከጎናቸው ነው። አዲስ ካኪ ለብሷል።

«ይቺ የኔ ልጅ ናት» አለ። «ይኼ ደግሞ ዕቃውን ያደሰልን ጓድ ውባንተ ነው። የድሮ የባንድ ሰው።»

አስተዳዳሪው ደስ አላቸው። ትራምፔቱን ከዓለሚቱ ተቀብለው ሰጡኝ። «እስቲ አንድ ጊዜ አሰማን!»

ያኔ መጣልኝ። ሳላስበው መጣልኝ ማለት ይከብደኛል፤ ስድስት ዓመት ሳስበው የኖርኩት ነውና። አፌን ከፈትኩ፤ ድዴ እስኪታይ ድረስ፤ ከንፈሬን በጣቴ ገለጥኩላቸው።

«ምነው? ምን ሆነህ ነው?» አሉ።

«ጓድ በላይነህ ያውቃል» አልኩ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። አስተዳዳሪው፣ ካድሬዎቹ፣ ኪነቶቹ። ዓለሚቱም። በላይነህ ላብ አጠመቀው። «መታሁት» ሊል ይችል ነበር፤ በዚያ ዘመን የመታ ይመሰገን እንጂ አይከሰስም። ምናልባት ልጁ ፊት ስለሆነ ይሆናል።

«በቅሎ ረግጣው ነው» አለ።

ሰዎቹ ሳቁ። «ለበቅሎ ነው እንዴ ስትነፋ የነበረው?» አለ አንዱ፤ ይብስ ሳቁ። እኔ አልካድኩም፣ አላመንኩም። እሷን ብቻ ነበር የማያት። አባቷን አየችው፤ ረጅም አየችው። ከዚያ ትራምፔቱን ከእጄ ወሰደች።

ስሟ ተጠራ፣ ወጣች። እግዜር ያውቃል፣ እንደዚያ ሲነፋ ከባንድ ከወጣሁ ወዲህ አልሰማሁም። ማርሹ እንደ ማርሽ አልነበረም። ሕዝቡ ማጨብጨቡን ረሳ። መጋጠሚያው ያዘ፤ ያዘ እስከ መጨረሻው።

ስትወርድ በላይነህ ዓይኑ እንባ አቅርሮ እጁን ዘረጋ። «የኔ አንበሳ!»

በእጁ ሥር አለፈች። ትራምፔቱን ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ዞር ብላ፣ ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ በቅሎዋ ማን ናት?» አለችው።

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። እሷ ወደ ቤት አልሄደችም፤ ወደ መኪና መንገዱ ወረደች።

ይኼን ሁሉ ስጽፍ ልቤ ይመታል። ደስታ ነው።

መስከረም 8

ይፋግ አክስቷ ፈንታነሽ ዘንድ መግባቷ ተሰማ። በላይነህ ሄዶ፣ አልወጣለትም ብላው ተመለሰ ይላሉ። ትናንት በደጄ ሲያልፍ ጢሙ አድጓል። ወደ ማዶ ማየቱን ትቶ መሬት ያያል። ደስ ብሎኛል።

ትራምፔቱን ቀበሌው ወስዶ መጋዘን ቆለፈበት። ፒስተኖቹን ዘይት እያስነኩ እንዲያቆዩት ለዘበኛው ነገርኩት። «ለማን ብለን?» አለኝ።

ደስ ብሎኛል።

መስከረም 14

መጣ። ጠባቂ የለው፣ ሽጉጥ የለው። «ጓድ» አላለኝም።

«ውባንተ፣ ልጄን መልስልኝ።»

«እኔ አልወሰድኳትም።»

«አንተን ትሰማለች። እነዚያ ሁለቱ የት እንደገቡ ታውቃለህ። አንተ እዚህ ተቀምጠህ ማንቆርቆሪያ የምትበይደው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ያን ብቻ ንገራት።»

«ታዲያ በቅሎ ያልከው ለምንድን ነው?»

በሩን ይዞ ቆመ። «ልጄ ታየኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «በሰው ፊት ‹እኔ ነኝ› ማለት፣ እሷ እያየችኝ... አልወጣልህ አለኝ።»

አለቀሰ። በላይነህ ሱቄ በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ነው። «አልማልድህም» አልኩት። ሄደ። ምድጃው ላይ የመበየጃው ካውያ ግሎ ቀልቶ ነበር፤ የምበይደው ግን አልነበረኝም።

መስከረም 20

ቆርቆሮ የሚሸጥ ሰው አለ ብዬ ይፋግ ወረድኩ። ቆርቆሮ እዚህም ይገኛል። ጌጤ ስንቅ ቋጥራ ሸኘችኝ።

ዓለሚቱ አክስቷ ግቢ ሽንብራ ታበጥራለች። ተነሥታ ተቀበለችኝ፣ አግዳሚ ወንበር አወጣችልኝ። ምን ልላት እንደሄድኩ አላውቅም ነበር፤ ስቀመጥ ወጣ። ከእኔ ጋር የታሰሩት ሁለቱ እንዳልተመለሱ። ቃሬዛውን። «ፍጠኑ» ማለቱን። «አባትሽ ያለው እውነት ሊሆን ይችላል» አልኳት።

ሰፌዱን አስቀመጠችው።

«ያን ዕለት ስጠይቅዎት ይኼን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ‹ውሸቱን ነው› አሉኝ።»

«አዎ።»

«መድረኩ ኋላ ሲናገሩም፣ እኔ እንደማየው ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ድምጿ የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

«አባቴ አንቱን በሰደፍ መታ» አለች። «አንቱ ደግሞ አባቴን በእኔ መቱት።»

«ልጄ...» አልኳት።

«ወደ እሱ አልመለስም። ጋፋትም አልመለስም። ደግመው አይምጡብኝ፣ ጋሼ።»

እንግዳ ነኝና ውኃ በጣሳ አቀበለችኝ። ጠጣሁ። ጣሳውን መለስኩላት፤ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ እንደ ጨዋ ልጅ። ተመልሳ ማበጠሯን ቀጠለች።

ቤት ስገባ ጌጤ መብራቱን እያበራች ነበር።

«አገኘሃት?» አለች። «ምን አለችህ?»

«ደህና ናት» አልኳት።